ሕሙም ሲያገግም የቤተሰብ አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የምኵራብ አለቃ የነበረውን የኢያኢሮስን የ12 ዓመት ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5፥43)። ሙት ያስነሣ አምላክ ያለ እህል ሊያጸናት አይሳነውም ነበር፤ ነገር ግን ከተአምሩ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ለቤተሰቧ ተወላቸው። ፈውስ ከእግዚአብሔር ሲሆን የተፈወሰውን የመንከባከብ አደራ ግን የቤተሰብ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህ አደራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሕሙሙ ሲሻለው ነው። በቆሰበር ያለ አንድ ቤት እናስብ። እናት የሳንባ ነቀርሳ ይዟት በጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምራለች፤ ጠበልም ትጠመቃለች። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ደግሞ 2 ዓይነት መድኃኒቶች ይወሰዳሉ። በሁለተኛው ወር ሳሏ ይቆማል፤ ፊቷም ይመለሳል። ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይላታል፤ ቤተሰቡም «ጠበሉ አድኗታልና መድኃኒቱ ይብቃት» ይላል። የበሽታው ተሐዋስያን ግን ከሰውነቷ ገና አልጠፉም። ሕክምናው ሲቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒቱንም ተላምዶ ሊመለስና ለልጆቿ ሊተርፍ ይችላል።

መድኃኒት መዋጥ ጠበልን መጠራጠር አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን መድኃኒቱንና ጠበሉን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ስለዚህ ወደ ጠበል ቦታ የሚሄድ ሕሙም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ የሚወስድበትን ሰዓትም አብሮት ያለ አስታማሚ ያስታውሰው።

ሁለተኛው ጭንቀት ጾም ነው። ብዙ እናቶች «ጾሜን እንዴት እሽራለሁ?» ብለው ምግብም መድኃኒትም ይተዋሉ። የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ግን ደዌ የጸናበትን ሰው ከጾም ያሳርፋል። ቤተሰቡ የንስሐ አባትን ወደ ቤት ይጥራ፤ እርሳቸውም ሕሙሟን ያጽናኑ፣ በጾሙ ጉዳይ ይምከሯት፤ ምሥጢረ ቀንዲል የሚፈጸምላት ከሆነም ያዘጋጇት (ያዕ. 5፥14)።

ሦስተኛው አስታማሚውን ማሰብ ነው። ብዙ ጊዜ ሸክሙ በአንዲት ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ከትምህርቷም ትቀራለች። ወንድሞች ተራ ይግቡ። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አባላት ለጥየቃ ሲመጡ አልጋ ዙሪያ ተቀምጠው ብቻ አይመለሱ፤ አጥሚት ያፍሉ፣ እንጨት ይፍለጡ፣ የአዝመራውን ሥራ በደቦ ያንሡላቸው። ቆሰበር ብርዳማ ቢሆንም ቀን ቀን መስኮቱ ይከፈት፤ ንጹሕ አየር ለሕሙሟም ለቤተሰቡም ይበጃልና።

ያች እናት ሕክምናዋን ፈጽማ ከልጆቿ ጋር በቅዳሴ ስትቆም፣ ቤተሰቧ እንደ ኢያኢሮስ ቤት የታዘዘውን አድርጓል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።