ጮቄና የድሮ መንገዶቹ

ጮቄ ሲነሳ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው «የውኃ ማማ» የሚለው ስም ነው። ስሙም ይገባዋል፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብና ሌሎች ብዙ ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ሲሆን ዙሪያውን ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸናና ሞጣ ከበውታል። ይህን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለምና ከዚህ በላይ አልልበትም። መከራከር የምፈልገው፣ ተራራው ምሥራቅ ጎጃምን ለሁለት የከፈለ አጥር ነው ከሚለው አስተሳሰብ ጋር ነው። ጮቄ አገር ከአገር ሲያገናኝ የኖረ መተላለፊያ ነው፤ የሚጎበኘውም በጥንቱ የእግር መንገድ መሆን አለበት።

የስሕተቱ ምንጭ የመኪና መንገዳችን ይመስለኛል። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር ሁለት አውራ ጎዳናዎች ይሄዳሉ፤ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ በኩል። ሁለቱም ተራራውን መሐል አድርገው ስለሚዞሩት፣ ተሳፋሪው በመስኮት የሚያየው በደመና የተሸፈነ ጀርባ ብቻ ነው፤ «በዚያማ መሄጃ የለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የመሬቱ አፈጣጠር ግን ሌላ ይናገራል። ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ የሠራው፣ ጋሻ የመሰለ ሰፊ ተራራ ነው። ጋሻን በጀርባው ደፍተው ውኃ ቢያፈሱበት ከእምብርቱ ወደ ዳር በየአቅጣጫው ይወርዳል፤ የጮቄ ወንዞችም እንደዚያው ናቸው። አናቱ አካባቢ፣ ጓሳው ውስጥ፣ ወንዙ ልጅ የሚዘለው ቦይ ነው። ያው ውኃ ቆላ ሲደርስ ጭነት የያዘች አህያ ግማሽ ቀን የምትደክምበት ሸለቆ ይሆናል። ስለዚህ ተራራውን በግርጌው የሚዞር እግረኛ በየወንዙ እየወረደ በየወንዙ ይወጣል። ሸንተረሩን ይዞ ወደ ወንዞቹ ራስ የሚወጣ ሰው ግን ዳገቱን አንዴ ገፍቶ ከጨረሰ በኋላ ብዙ ወንዝ በአንድ እርምጃ ይሻገራል። ከስናን ወደ ቢቡኝ የሚያልፈው ገበያተኛ ይህን ለማወቅ ካርታ አላስፈለገውም። በየሸንተረሩ ጀርባ በሰውና በከብት ኮቴ ተቦርቡሮ የቀረው ጎድጓዳ ዱካ የዚህ እውቀት ማስረጃ ነው።

የመንገዶቹን ክብደት ለመረዳት ከተራራው ወደ ደቡብ፣ ወደ የጁቤ መውረድ ያስፈልጋል። የጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ የባሶ ገበያ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን በአገሪቱ ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ፣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። የሲራራ ነጋዴው ከዚህ ተነሥቶ ጎንደርን አልፎ እስከ ምጽዋ ይዘልቅ ነበር። ከተራራው በስተሰሜን በሞጣ በኩል ደግሞ ዓባይን ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድንጋይ ድልድይ አለ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መሐሉን ሲያፈርሱት «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ሕዝቡ ግን መንገዱን አልተወም፤ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ጎልማሶች ሰውን በገመድ እየሳቡ በተሰበረው ላይ ለብዙ ዓመታት አሻገሩ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ ያም በጎርፍ ሲወሰድ ለእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በገመድ ተንጠልጥሎም ቢሆን የሚሄድበት ሕዝብ ያለው መንገድ ሞቷል ሊባል አይችልም።

«ስሜን ዋልያ አለው፤ ጮቄ ምን አለው?» የሚል አይጠፋም። በዱር እንስሳ ከስሜን ጋር ማወዳደሩ ግን ሚዛኑን መሳት ነው። ጮቄ ገብሱና እንግዶው ሊታረስ እስከሚችልበት ከፍታ ድረስ ሰው የሚኖርበት ተራራ ነው፤ ታሪኩም የነዋሪው ታሪክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2015 ዓ.ም. የጮቄን የኢኮቱሪዝም መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ሲቆጥር የመረጠው መንደር መሆኑን ልብ ይሏል። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ በእነዚያ መንገዶች ከቡናው ጋር ባሪያም ተነድቶባቸዋል። እውነት ነው፤ የባሶ ገበያ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህ ግን መንገዱን ለመርሳት ምክንያት አይሆንም፤ አስጎብኚው ከወርቁና ከዝባዱ ጋር ይህንንም ሊናገር ይገባዋል። ሦስተኛው የአፈር መሸርሸር ስጋት ነው፤ እርሱም ከእኔ ጋር ይቆማል። ተራራውን የሚጎዳው በቆየው ዱካ የሚሄድ ሰው ሳይሆን በየፊናው አዲስ ዱካ የሚያወጣው ነው፤ ረግረጉ ጓሳ ከተረገጠ በኋላ የክረምቱ ጎርፍ ቦይ ያደርገዋል።

ስለዚህ ለጎብኚው ጥቂት ቃል አለኝ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው በጋ ይሂዱ፤ ሌሊቱ ውርጭ ነውና ጋቢ አይርሱ፤ መንገድ መሪ ከዚያው ከነዋሪው ይያዙ። መኪና አናቱ ድረስ ነድቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የውኃ ፕላስቲኩን ጥሎ መመለስ ጉብኝት አይባልም። ጅባራውን ለፎቶ ማጌጫ የሚቆርጡም ምን እንደሚቆርጡ ይወቁ፤ ጅባራ ለብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ ይሞታል። ሳይዘራ የተቆረጠ ጅባራ ተተኪ የለውም። የወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ አስፋልቱ የድሮውን ዱካ ሳያስረሳው በፊት፣ ሸንተረሩንና መሻገሪያውን በስሙ የሚጠሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ መንገዶቹን ከየጁቤ እስከ ሰባራ ድልድይ ይመዝግቡ። ምልክት ለመትከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሽማግሌዎቹን እውቀት ግን ዘንድሮ ካልጻፉት በኋላ በምንም ገንዘብ አያገኙትም።