ኤክስፓየር ማለት ምን ማለት ነው?

በብቸና፣ በሞጣና በየገጠሩ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ወገኖች፣ የዛሬው ትምህርታችን በአንድ የባዕድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ «ኤክስፓየር» ይባላል። ባለሱቁም፣ ነርሷም፣ ሹፌሩም ሲሉት ትሰማላችሁ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። መጀመሪያ ትንፋሽን ማስወጣት ማለት ነበር። እኛ ሰው ሲሞት «ትንፋሹ ወጣ» እንደምንለው ነው። ኋላ ግን ጊዜው ላለቀ ነገር ሁሉ ዋለ። መንጃ ፈቃድ «ኤክስፓየር አደረገ» ከተባለ፣ የተፈቀደለት ጊዜ አበቃ ማለት ነው። ፈቃዱ ይታደሳል። መድኃኒት ግን አይታደስም። ኃይሉ ይደክማል፤ አንዳንዱም ይጎዳል።

እኔው መምህሩ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። መስከረም 2012 ዓ.ም. ለልጄ የዓይን ቅባት አወጣሁ። ላዩ ላይ «06/2019» ይላል። «ስድስተኛው ወር የካቲት ነው፤ ገና ሰባት ዓመት አለው» አልኩ። ነርሷ አይታ፣ «መምህር፣ ይህ እኮ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው! ካለፈ ሦስት ወር ሊሞላው ነው» አለችኝ። አፈርኩ። ማንበብ ችዬ መቁጠር አልቻልኩም ነበርና።

እናንተ እንዳትሳሳቱ እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ፣ በካርቶኑ ወይም በጠርሙሱ ላይ ቁጥሩን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይጻፋል። ቀድሞ ያለው ዘመን የተሠራበት ነው። የኋለኛው የሚያበቃበት ነው።

ሁለተኛ፣ ወሩን እዩ። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። የፈረንጆች አንደኛ ወር የሚያልቀው በእኛ ጥር ነው፤ ስድስተኛው በሰኔ፣ ዘጠነኛው በመስከረም ያልቃል። ስለዚህ «06/2019» ማለት ሰኔ 2011 ዓ.ም. ነው። ቀን ካልተጻፈበት እስከ ወራቸው ማለቂያ ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ ኪኒን ከማሸጊያው ተቆርጦ ሲሰጣችሁ ቁጥሩ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። «መቼ ነው የሚያበቃው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለውን መድኃኒት አውጡና አንብቡ። ጊዜው ካለፈ አትዋጡት፤ ለጎረቤትም አትስጡ። ልጆች እንዳያገኙት አርቃችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለዛሬ በዚሁ ይበቃናል። ደህና ሁኑ!