የቷ ክር? የት ላይ?

ጊታሩ ዝዝ እያለ ያስቸገረው ሰው ወደ እኔ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። አንዱ «አንገቱ ተጣሟል» ይላል። ሌላው ፍሬቶቹ በሙሉ ይቀየሩልኝ ይላል። ቪዲዮ አይቶ የመጣው ደግሞ የትረስ ሮዱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኛል፤ የምፈራው እሱን ነው። እኔ የምጠይቀው ግን የቷ ክር፣ የት ላይ ስትያዝ ብዬ ነው። ይህን አጣርቶ የሚመጣ ጥቂት ነው።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ጩኸቱ ቦታ ይከተላል ወይስ ድምፅ የሚለው ነው። ከፍሬት የሚነሳ ጩኸት ቦታውን አይለቅም። አምስተኛዋ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስትያዝ ነዘረች እንበል። ያንኑ ድምፅ ስድስተኛዋ ክር ላይ፣ ስምንተኛው ፍሬት ጋ ስትፈልጉት ጥርት ብሎ ከወጣ ጥፋቱ እዚያው ሦስተኛው ፍሬት አካባቢ ነው። የላላ ዕቃ ግን ቦታ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ድምፅ ነው። ኤ የምንላት ባዶዋ አምስተኛ ክር በሴኮንድ 110 ጊዜ ትርገበገባለች። እሷ ስትመታ የሚንሿሿ ጊታር፣ ስድስተኛዋን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ያንኑ ኤ ስታወጡም ከተንሿሿ፣ ፍሬቶቹን ተዉአቸው። ከዚያ ድምፅ ጋር አብሮ የሚንቀጠቀጥ አንድ የላላ ነገር አለ።

ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር የሚጫወት አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጊታር ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ «ፍሬቱ ተነቅሎ አዲስ ይግባ» ተብሎ ዋጋ ተቆርጦለታል። «ጋሼ፣ ገንዘቡ ሊሞላልኝ ነው፤ ብቻ የሚሻለው እንደሆነ ይንገሩኝ» አለኝ። «ቁጭ በልና ኤዋን ደጋግመህ ምታልኝ» አልኩት። እሱ ሲመታ እኔ ብሪጁን፣ የማንገቻውን ቁልፍ፣ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ሄድኩ። አራተኛዋን መቃኛ ከፊት በኩል ስጫናት ጩኸቱ ቀጥ አለ። ለካ ዘንጓን የምታቅፈው ዳዶ ላልታለች። በአሥር ቁጥር መፍቻ ጥቂት አጠበቅኳት። ልጁ ኤዋን መታ፣ ደገመ፣ ሰለሰ፤ ያጠራቀመውን ብር አስቦ ነው መሰለኝ ሳቁ አላልቅ አለ።

እንዲህ እየነኩ መፈለግ ሌላም ያወጣል፤ ከመቃኛው ተርፎ ያልተቆረጠ የክር ጫፍ፣ ሆዱ ውስጥ ጣውላውን የሚነካ የፒክአፕ ሽቦ፣ ፒኑ ሥር በደንብ ያልተቀመጠ የክር ኳስ። ከባዱ ከውስጥ ከተለጠፉት የእንጨት ድጋፎች አንዱ ሙጫው ለቅቆ ሲገኝ ነው። ያኔ በስልክ መብራትና በትንሽ መስታወት ሆዱን ማየት ግድ ይላል።

ጩኸቱ ቦታ የሚከተል ከሆነ ደግሞ ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራል። ክሯ ባዶዋን ስትመታ ነዝራ ስትያዝ የምትጠራ ከሆነ፣ አንገቱ ጫፍ ባለው ነት ላይ መቀመጫዋ ጠልቋል። እዚህ ላይ ሥጋ ቤቶች ባለውለታዎቼ ናቸው፤ ተቀቅሎ ስቡ የወጣለት የበሬ ቅልጥም ከፕላስቲክ የተሻለ ነት ይወጣዋል። አንድ ፍሬት ላይ ስትይዙ ብቻ ከነዘረ ግን ተጠያቂው የያዛችሁት ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ወደ ሆዱ በኩል ያለው ነው፤ ከጎረቤቶቹ ቀና ብሏል። ሦስት ፍሬት ላይ የምታርፍ ቀጥ ያለች ብረት ሳስቀምጥበት ወዲያና ወዲህ ትላለች። ብዙ ጊዜ ፍሬቱ ከጎድጓዱ ተነስቶ ስለሆነ፣ ሞረድ ከማንሳቴ በፊት በፕላስቲክ መዶሻ ወደ ቦታው ለመመለስ እሞክራለሁ።

አንገቱን የምጠረጥረው ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ድረስ ያሉት ፍሬቶች በጅምላ ሲነዝሩ ነው። ስድስተኛዋን ክር አንደኛውና አሥራ አራተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭኜ ሰባተኛው ጋ አያለሁ። ከክሯ ሥር ሁለት ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ተደርቦ የሚሾልክበት፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ካለ ደህና ነው። ክሯ ፍሬቱ ላይ ከተኛች አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል፣ ወይም ወደ ኋላ ተለምጧል። ትረስ ሮዱን በሩብ ዙር አላላለሁ፣ ክሩን እቃኛለሁ፣ እንደገና እለካለሁ። ይህ ዘንግ ከ70 ኪሎ በላይ የሚደርሰውን የብረት ክሮች ስበት እንዲቋቋም አንገቱ ውስጥ የተቀበረ ነው እንጂ የክር ከፍታ ማስተካከያ አይደለም። ከፍታ የሚስተካከለው ብሪጁ ላይ በተሰካችው ሳድል ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊ ለማግኘት ሳድሏ አንድ ሚሊ ከፍ ማለት አለባት። የናይለን ክር ጊታሮች አብዛኞቹ ዘንጉ ጭራሽ የላቸውም፤ ቁልፍ ይዞ መፈለጉ ከንቱ ድካም ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጊታር የሚያስጮኸው ወቅቱ ነው። በክረምት የፊት ጣውላው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ብሪጁን ይዞ ቀና ይላል፣ ክሮቹም ከፍሬቱ ይርቃሉ። ጣቱን ያመመው ሰው በነሐሴ ሳድሉን ያስሞርዳል። በጋው ሲገባ ጣውላው ይደርቃል፣ ሆዱ ይሰምጣል፤ በነሐሴ የተሞረደችው ሳድል በጥር ታስጮሃለች። ፊቱ ወጥ ጣውላ የሆነው ጊታር ይብስበታል። ኮምፔንሳቶው ያን ያህል አይነቃነቅም፤ ርካሹም የሚኮራበት ነገር ይኑረው እንጂ። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማዝለት በተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ እንዲዘጋው፣ ሁለት ሳምንት ጠብቆም እንዲመለስ ነው። መሣሪያ ሳላነሳ ስለምሸኛቸው ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል።

በገና ላይ ይህንኑ ድምፅ ፈልገን ነው የምናመጣው። በክሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ሥራዋ ማስነዘር ነው፤ ክሩ ለጥቂት እየነካት እስኪርገበገብ ድረስ ደርዳሪው ወዲህና ወዲያ ያደርጋታል። የጊታር ሳድል ጫፏ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቀርም የሚሆነው ይኸው ነው። ክሯ ከአንድ ጥርት ካለ ነጥብ በመነሳት ፈንታ ጠፍጣፋውን እየላሰች ትነዝራለች። በገና የለመደ ጆሮ ይህን ሲሰማ ፍሬቶቹን ትቶ በቀጥታ ሳድሏ ጋ ይሄዳል።

አንድ ልመና አለኝ፤ ክሮቹን አውልቃችሁ አታምጡ። ብዙ ሰው ሊያግዘኝ ብሎ ጊታሩን ራቁቱን ያመጣዋል። ያለ ክር አንገቱን የሚስበው የለም፣ ሆዱን የሚጎትተው የለም፣ የሚጮኽም የለም። አዲስ ክር ገዝታችሁ ከሆነም እዚሁ እንቀይረዋለን፤ መጀመሪያ በአሮጌው ልስማው።