ስለ ሠርግ ዝግጅትና ስለ አካባቢ ንጽሕና

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር ከጥምቀት በዓል በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ የሠርግ ወራት መሆኑ የታወቀ ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ዘመድም ከያለበት ይሰበሰባል። ነገር ግን ይኸው ወቅት ምንጮች የሚቀንሱበት ወቅት ነው። ሦስትና አራት መቶ ሰው በአንድ ዳስ ሲበላና ሲጠጣ የሚወጣው ጉድፍ፣ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ ባለበት ይከርማል፤ ሰኔ ሲገባ ግን ጎርፍ ያነሣዋል።

ጎርፉ የት እንደሚያደርሰው የምድሩን አቀማመጥ የሚያስተምሩ መምህራን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። እንግዲህ በደጋው ጓሮ የተጣለው በታች ላለው አገር የመጠጥ ውኃና የግጦሽ ሣር ይደርሳል ማለት ነው።

ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ በተደረገ ሠርግ ላይ እንግዳ ሆኜ በተቀመጥሁበት፣ መጸዳጃው ወዴት እንደ ሆነ አንድ የቤቱን ዘመድ ጠየቅሁ። እርሳቸውም በታላቅ ትሕትና «ከቁጥቋጦው ወዲያ ነው፣ ጌታዬ» ብለው አመለከቱኝ። ከቁጥቋጦው ወዲያ ያገኘሁት የከብት መሰማሪያ ነበር። ዳሱ ያማረ፣ ጠላው የተጣራ፣ ወጡም የሚመሰገን ሆኖ ሳለ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ጉድጓድ አልተቆፈረም።

የዚህን ጉዳት ለመረዳት የኮሶን ትል አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ትል በሰው አንጀት ውስጥ እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከጫፉ እየተቆረጡ የሚወጡት ቁራጮች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ይይዛሉ፤ ዕንቁላሉም በእርጥብ ሣር ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብት ከሣሩ ጋር ሲበላው በሥጋው ውስጥ አተር የሚያህል ከረጢት ይሆናል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው በሦስት ወር ገደማ እርሱ ራሱ ዕንቁላል የሚጥል ትል ይኖረዋል። በጥር ሠርግ ቁርጥ የበላ ሰው በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ሜዳውን የሚበክል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በፎገራ ሜዳ የሚግጠው በሬ ለሚቀጥለው ዓመት ሠርግ ተነድቶ ወደ ደጋው ይወጣል።

አባቶቻችን ለዚህ የኮሶን ዛፍ አበባ ይጠጡ ነበር። ዛፉ ዛሬ ተመናምኗል፤ መጠኑ ሲበዛም ይጎዳል፤ በጤና ጣቢያ የሚታዘዘው መድኃኒት የተሻለ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ሥጋውን ውስጡ እስኪበስል ድረስ አብስሎ መብላት ነው። ቁርጥ ከሠርግ ይቅር ብዬ ብጽፍ ግን የሚሰማኝ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ቢያንስ በሬው በቄራ ይታረድ ወይም ሥጋው በእንስሳት ሐኪም ይታይ፤ መጸዳጃ ጉድጓድም ይቆፈር። ለኃምሳ እንግዳ አንድ መቀመጫ ይበቃል። ቦታው ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከውኃውም በታች በኩል የሆነ፣ በአጎዛም ቢሆን በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደ ይሁን። አመድና ውኃ በአጠገቡ ይቀመጥ። በኩስኩስት እጅ ማስታጠብ የቆየ መልካም ልማዳችን ነው፤ የሚጎድለው ሳሙናው ብቻ ነው።

ፈርሱና የማይበላው የሆድ ዕቃ ለብቻው ይቀበር። ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣል ሌላ የትል በሽታ ወደ ቤት ይመልሳል።

የድሮው ሠርግ ቄጤማው፣ የዳሱ ቅጠል፣ የተሰበረው ገንቦ ሳይቀር ወደ አፈር የሚመለስ ነበር። አሁን የመጣው ፌስታልና በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ ግን አይመለስም። ከብት ፌስታል ውጣ ጨጓራዋ ተደፍኖ ትሞታለች፤ ሲቃጠልም ጢሱ መርዝ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የላስቲክ ከረጢት ከልክሏል። በየሰፈሩ ያለው ዕድር ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ስላለው ከእርሱ መዋስ ወጪንም ይቀንሳል። የመጠጥ ውኃ ደግሞ በንጹሕ ጀሪካን ተቀድቶ በውኃ ማከሚያ መድኃኒት ቢታከም ማፍላትና እንጨት መፍጀት አያስፈልግም።

እንጨትን ካነሣን ዘንድ፣ ተመራማሪዎች በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ግቢ 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከግቢው ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም ሲያንስ ኩበት ይነድዳል፤ ማሳውም ፍግ ያጣል። ለሠርግ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ስለ ሆነ በሦስት ጉልቻ ፈንታ ምርጥ በተባለው የተከደነ ምድጃ ቢጋገር ግማሽ የሚጠጋ እንጨት ይተርፋል፤ ጋጋሪዎቹም እናቶች ከጢሱ ያርፋሉ።

ጉድጓዱ የዳሱ ቋሚ በሚተከልበት ቀን ይቆፈር፤ ዶማውም፣ አካፋውም፣ ጎረምሳውም ያን ቀን እዚያው ይገኛሉ።