በማታው ትምህርት ቤት እነማን ይማራሉ?

ወረቀቱን ይዛችሁ የምትከታተሉ፣ ጣታችሁን በመስመሩ ላይ አድርጉና አብረን እንሂድ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ማታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ሰው፣ «እዚያማ ልጆች ናቸው የሚማሩት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከማን ጋር ልቀመጥ?» ይላል። እስቲ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እንይ።

እኔ ቀን ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ማታ ግን ግቢያችን ለጎልማሶች ይከፈታል። ትንሽ ትምህርት ቤት ናት። ምዝገባ ሲደርስ መዝገብ ይዤ እረዳለሁ።

በአንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች አያለሁ። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። ሁለተኛዋ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የእራቱን ወጥ ሠርታ ነው የምትመጣው። ሦስተኛዋ ጉልት ነጋዴ እናት ናቸው። ልጃቸው ቀን በተቀመጠበት ወንበር እሳቸው ማታ ይቀመጡበታል።

ቋንቋቸውም ይለያያል። አንዱ የታች ክፍሎችን በኦሮምኛ፣ ሌላው በሲዳምኛ፣ ሌላው በአማርኛ ተምሯል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ይቸገራል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ይረዳዳሉ። ልጅቷ እንግሊዝኛውን ታነባለች፤ ነጋዴዋ ሒሳቡን ቶሎ ይይዛሉ፤ ሽማግሌው ታሪኩን ያስረዳሉ።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አዋቂና ወጣት ባንድ ጣቢያ ፊደል ቆጥረዋል። ማስተማሪያውም ውሎ አድሮ እስከ 15 ቋንቋ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መዝገቡ በመስከረም ይሞላል፤ ወደ ግንቦት ሲጠጋ ግን ይሳሳል። አንዱ የሥራ ሰዓቱ ይለወጥበታል። አንዷ ልጇ ይታመምባታል። ሌላዋ የማታ መንገድ ትፈራለች። ትንሽ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪ ሲያንሰው ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋል፤ ወይም ጭራሽ አይከፍትም።

አንድ ዓመት ለ11ኛ ክፍል የተመዘገቡት ጥቂት ሆኑና ክፍሉ ሳይከፈት ቀረ። ከተመዘገቡት አንዷ፣ «ጎረቤቴን ልጠራት ነበር፤ አፍሬ ተውኩት» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ አንድ ሰው ሲመዘገብ ለራሱ ብቻ አይደለም። የሌላውንም ክፍል ያስከፍታል። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

አሁን ገና ማንበብ የጀመራችሁ፣ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ የጎልማሶችን መሠረታዊ ትምህርት ጨርሱ። ቀጥሎ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ክፍሎችን ተማሩ። የ8ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ 9ኛ ይገባል። መጨረሻው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው።

ለምዝገባ ስትሄዱ የቀድሞ ክፍላችሁን ማስረጃ፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ። ማስረጃው ከጠፋባችሁ በፊት የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ጠይቁ። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ካለ መዝጋቢውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። መስከረም እስኪጠባ አትጠብቁ። ስትሄዱም ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጎረቤታችሁን ጥሩ።

በሉ ደህና አምሹ።