ማን ዳኛ አደረገዎት?

ሆሳዕና ውስጥ አንድ የሰፈር ሜዳ ዳር ቆሜ ጨዋታ እስኪጀመር ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ፊሽካ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ የሕግ ሰው ነዎት አሉን፤ እባክዎ ያጫውቱን» አለኝ፡፡ ሊያጫውታቸው ቃል የገባው ሰው ቀርቶባቸዋል፡፡ የፍርድ ቤቱና የሜዳው ሕግ ለየቅል ነው ብልም ሰሚ አላገኘሁም፡፡ ሃያ ደቂቃ ያህል በሰላም ከሄደ በኋላ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠሁ፡፡ ያው ፊሽካውን ያቀበለኝ ወጣት ደረቱን ነፍቶ መጣና «ማን ዳኛ አደረገዎት?» አለኝ፡፡ «አንተ ነህ» አልኩት፡፡ ሌሎቹ ሳቁ፤ ጨዋታው ግን ከዕረፍት በኋላ አልቀጠለም፡፡

ሆሳዕና ለፕሪሚየር ሊግ የበቃ ክለብና የአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት፡፡ ከስታዲየሙ አጥር ውጪ ግን፣ በዱራሜም በአንጋጫም በሾኔም ቢሆን፣ የሰፈር ቡድን ኳስና መለያ አሟልቶ ዳኛ ፍለጋ በተመልካች መሀል ቢዞር የሚገርም አይደለም፡፡

ለምን? ሠልጥኖ ደረጃ ያገኘ ዳኛ አስቀድሞ የሚመደበው ፌዴሬሽን ለሚመራቸው ውድድሮች ነው፡፡ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተሰደዱት ወጣቶች መካከልም ዛሬ ፊሽካ ሊይዙ ይችሉ የነበሩ ይኖራሉ፡፡ ዋናው ምክንያት ግን ስድቡና ግፊያው ይመስለኛል፡፡ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ የእስራኤልንና የስዊድንን ጨዋታ የመሩትን ሥዩም ታረቀኝን፣ በኋላም ባምላክ ተሰማንና ሊዲያ ታፈሰን ያፈራች አገር ዳኛ የሚሆን ሰው አላጣችም፡፡ ያጣነው ዳኛ የሚከበርበትን የሰፈር ሜዳ ነው፡፡

አማርኛችን ችሎት ላይ ለተቀመጠውም ፊሽካ ለያዘውም አንድ ቃል ነው የሰጠው፡፡ ቀድሞ ሁለት ተሟጋቾች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር፡፡ መንገደኛው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከራሳቸው ፈቃድ ነው፡፡ የሰፈር ጨዋታ ዳኛም እንዲሁ ነው፤ የመረጡት ሰዎች ካልታዘዙት ከኋላው የሚቆምለት ፖሊስ የለም፡፡

ጉዳዩ ከጎል በላይ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2068፣ በስፖርት ጨዋታ ላይ ሌላውን የጎዳ ሰው ተንኮል ካልፈጸመ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ በኃላፊነት አይጠየቅም ይላል፡፡ እግሩ የተሰበረ ልጅ ወላጅ ክስ ቢመሠርት፣ ደንቡ ምን ያህል እንደተጣሰ በገለልተኝነት ሊመሰክር የሚችለው ዳኛው ነው፡፡ ዳኛ ከሌለ የሚቀረው የሁለት ጎራ ምስክር ነው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዳኛ የማቅረብ ግዴታ በተረኛ ቡድን ላይ ይጣል፡፡ ሁለቱ ሲጫወቱ ሦስተኛው ያጫውት፤ ያላቀረበ ቡድን ነጥብ ይቀነስበት፡፡ በውጤቱ የሚጠቀም ቡድን ግን አይዳኝ፡፡ በችሎትም ቢሆን ጥቅም ያለው ዳኛ ከችሎቱ ይነሳል፡፡

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቡድን ከሌለ እያንዳንዱ ወገን አንድ ዳኛ ያቅርብ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ከሜዳ ውጪ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ይወስን፡፡ እንግሊዞችም በጥንት ጊዜ የተጫወቱት እንዲህ ነበር፤ የመሀል ዳኛው ወደ ሜዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ዳኛውን የሚያነጋግረው አምበሉ ብቻ ይሁን፤ የተሳደበም አሥር ደቂቃ ይውጣ፡፡ በእንግሊዝ የአማተር ጨዋታዎች ይህ ጊዜያዊ ቅጣት ሲሞከር በዳኛ ላይ የሚሰነዘረው ተቃውሞ 38 በመቶ መቀነሱን የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ገልጿል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በስፋት ሥራ ላይ ውሏል፡፡ የሚጠይቀው ሰዓት ብቻ ነው፡፡

አራተኛ፣ አዳዲስ ዳኞች ከሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅና ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይፈለጉ፤ ሴቶችም ይጋበዙ፡፡ ጀማሪው በሕፃናት ጨዋታ ይለማመድ እንጂ በዋንጫ ፍልሚያ አይጣል፡፡

ይህ ሁሉ ከጨዋታው በፊት በአንድ ገጽ ተጽፎ አምበሎቹ ይፈርሙበት፤ ሽማግሌዎችም ይቁሙበት፡፡ በሀዲያም በከምባታም ሴራ የሚባለውን ባህላዊ ሥርዓት ለሚያውቅ ሕዝብ፣ ያልታዘዘን ከማኅበር ማግለል እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ዳኛ የመታ ተጫዋችም ለዓመቱ ከሁሉም ቡድኖች ይገለል፡፡

ያ ወጣት የጠየቀኝ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር፡፡ ጥፋቱ ጊዜው ላይ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ነበር፡፡