ዓይን የማያየው ፖይንት ጋርድ

በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ፖይንት ጋርድ የሚፈልግ የቅርጫት ኳስ ክለብ በቅድሚያ የራሱን ዓይን መጠራጠር አለበት። ረጅም ተጫዋች ከሩቅ ይታያል፤ ሁሉም ስለሚያየውም ዋጋው ይወደዳል። ኳስ እያነጠረ የሚያመጣው፣ ማን የት ሆኖ እንደሚቀበል የሚወስነው ፖይንት ጋርድ ግን ዋናው ሀብቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ለአንድ ማጥቃት የሚፈቀደው 24 ሰከንድ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ መሀል ሜዳውን ለማለፍ ያለው 8 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ዘጠኝ ሰዎችን ማየትና ቀጥሎ የሚያደርጉትን መገመት ይጠበቅበታል።

ጄረሚ ሊን ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ለሚመርጡበት ሥርዓት ሲቀርብ 60 ወጣቶች ተመረጡ፤ እሱን የጠራው ቡድን አልነበረም። የሂዩስተን ሮኬትስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ዳረል ሞሪ በኋላ እንደተናገረው፣ የክለቡ የቁጥር ቀመር ሊን በ15ኛነት አካባቢ መመረጥ እንዳለበት አሳይቶ ነበር። ሰዎቹ ግን ከቀመሩ ይልቅ ዓይናቸውን አመኑ። ዓይናቸው ያየው ፈጣን የማይመስል፣ የእስያ ዝርያ ያለው ልጅ ነበር። ቆይቶ የተጫዋቾች የመጀመሪያ እርምጃ ፍጥነት በመሣሪያ ሲለካ፣ ከተለኩት ሁሉ ፈጣኑ ሊን ሆኖ ተገኘ። በዚያው በ2010 ኤድ ዌይላንድ የሚባል የዕቃ ማድረሻ መኪና ሹፌር የሊንን የኮሌጅ ቁጥሮች መርምሮ፣ ይህ ልጅ ጥሩ ፖይንት ጋርድ ሊወጣው ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 የተቸገረው ኒው ዮርክ ኒክስ ሊንን ሲያሰልፈው፣ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ላይ ብቻ 38 ነጥብ አስቆጠረ። የዓመት ደመወዙ 800 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በዚያ ሊግ ይህ ከዝቅተኞቹ ደመወዞች አንዱ ነበር።

ታዲያ ዓይን የሚስተው ነገር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1980 ተመራማሪዋ ፍራን አላርድና ባልደረቦቿ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችና ተጫዋች ላልሆኑ ሰዎች የጨዋታ ፎቶግራፎችን ለጥቂት ሰከንድ አሳይተው፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር ጠየቁ። ፎቶው ቡድኑ ተደራጅቶ ሲያጠቃ የሚያሳይ ከሆነ ተጫዋቾቹ በግልጽ በለጡ። ፎቶው የተተራመሰና ቅርጽ የሌለው ሲሆን ግን ብልጫቸው ጠፋ። ስለዚህ የበለጡት የተለየ የማስታወስ ኃይል ስላላቸው አይደለም። ጨዋታው የሚሠራቸውን ቅርጾች ስለሚያውቁ፣ ሌላው ሰው አሥር ሰው በሚቆጥርበት ቦታ እነሱ አንድ የታወቀ ሁኔታ ያያሉ።

ከዚህም የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳልቫቶሬ አልዮቲና ጣልያናውያን ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። የፍጹም ቅጣት ውርወራ ቪዲዮ በተለያዩ ቅጽበቶች እየቆረጡ፣ ኳሷ ትገባለች ወይስ አትገባም ብለው ጠየቁ። ተጫዋቾቹ ኳሷ ከእጅ ከመውጣቷ በፊት ጭምር ከወርዋሪው አካል እንቅስቃሴ ገመቱ፤ ጨዋታ መመልከት ሥራቸው ከሆነው ከአሰልጣኞችና ከስፖርት ጋዜጠኞችም በለጡ። መልማዮች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ ብዙ ማየት ከብዙ መጫወት ጋር እኩል አይደለም።

ቁጥርም ቢሆን ያሳስታል። ከሦስት ነጥብ መስመር 35 በመቶ የሚያስገባ ተጫዋች 50 ጊዜ ብቻ ሲወረውር ከታየ፣ በዕድል ብቻ 28 ወይም 42 በመቶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። 28 የመጣለት ይጣላል፤ 42 የመጣለት በውድ ይገዛል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ተጫዋች ሊሆኑ ይችላሉ። 500 ውርወራ ከታየ ግን ይህ መወዛወዝ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በእግር ኳስ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳችበት እ.ኤ.አ. በ1962 ካይሮ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ከአምስት አገሮች አራተኛ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ሲመሠረት በ13 ተጫዋቾች ስብስብ ውስጥ የውጭ ዜጎችን በአራት ወስኗል። የእኛ ክለብ እንዲህ ዓይነት መድረክ ቢያልም፣ አራቱን ቦታ ከአገር ውስጥ በቀላሉ ለማይገኙት ለረጃጅሞቹ መተው ይበጀዋል እላለሁ፤ ኳስ አቀባዩን እዚሁ ማብቀል ይቻላል።

የት? ዣን ኮቴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን የትውልድ ቦታ ሲያጠኑ፣ ኤንቢኤን ጨምሮ በበርካታ ስፖርቶች ከ500 ሺህ ሕዝብ በታች ያላቸው ከተሞች ከድርሻቸው በላይ ተጫዋች አፍርተው ተገኙ። አጥኚዎቹ ትንሽ ከተማ ልጆች በነፃነትና ከታላላቆቻቸው ጋር ተደባልቀው የሚጫወቱበት ስፍራ ስለምትሰጥ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ትንሽ ከተማ ሉማሜን ሳስብ ይህ ጥናት ይመጣብኛል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ እነዚያ ትናንሽ ከተሞች ቅርጫት ነበራቸው። የጨዋታ ቅርጽ የሚለየው የተጫወተ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ኳስ ነክቶ ለማያውቅ ልጅ የአላርድን ፎቶ ማሳየት ምንም አይነግረንም።

መጀመሪያ መጫወቻ ይሰጠው። ሦስት ለሦስት የሚባለው ጨዋታ 15 በ11 ሜትር ሜዳና አንድ ቅርጫት ብቻ ይበቃዋል፤ የማጥቂያው ጊዜ 12 ሰከንድ ነው፤ በየቡድኑ ሦስት ልጆች ብቻ ስለሆኑም ኳሷ እያንዳንዱ ዘንድ ደጋግማ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ በስልኩ የቀረጸውን ጨዋታ መሀል ላይ አቁሞ፣ «ኳሷ ቀጥሎ ወዴት መሄድ አለባት?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከልጁ ቁመት ጎን ይመዝግብ።